ብዥ ያለችው ፎቶ

ጊፍቲ ላፕቶፑን ልትከድን ስትል ገመቺስ እጇን ያዘው።

«አብደሻል? ፏ ብለዋል እኮ! ነገ ኤግዚቢሽኑ ላይ እንደዚህ ዓይነት ሥራ ያለው ማን አለ?»

እውነትም ስክሪኑ ላይ ያሉት ሴት ጥርት ብለዋል። ችግሩ እማማ ዳርቱ አለመሆናቸው ነው። ጊፍቲ የካ ሚካኤል ከእማማ ዳርቱ ጋር አጥር ተጋርታ ነው ያደገችው፤ ጉንጫቸው ላይ የነበረችውን ጠባሳ ታውቃታለች። ብዥ ያለ ፎቶ እንዲያጠራ እሷና ገመቺስ የሠሩት የኮምፒውተር ፕሮግራም ጠባሳዋን አጥፍቶ የሌላ ሴት ጉንጭ ሠርቶላቸዋል።

ዋናዋ ፎቶ ባለቤታቸው ጋሽ ጉተማ እንጦጦ ዳገት ላይ እያለከለኩ በስልካቸው ያነሷት ነች። ትንሽ ናት፣ ብዥ ብላለች። እማማ ካረፉ ወዲህ የቀረቻቸው እሷ ብቻ ስለሆነች፣ አጥርተው ትልቅ እንዲያደርጉላቸው ጊፍቲንና ገመቺስን አደራ ብለዋል።

ጥፋቱ የት ላይ እንደሆነ ጊፍቲ ገብቷታል። ፕሮግራሙን ያሠለጠኑት ጥርት ያሉ ፎቶዎችን ራሳቸው በኮምፒውተር እያደበዘዙ፣ መልሶ እንዲያጠራቸው እያለማመዱት ነበር፤ ሁሉንም በአንድ ዓይነት፣ የተነፈሱበት መስታወት አስመስለው። የሰው እጅ ግን ወደ ጎን ይስባል፣ ይንቀጠቀጣል። ፕሮግራሙ የማያውቀው ብዥታ ሲገጥመው ከራሱ ፈጠረ።

ገመቺስ የኤግዚቢሽኑ ዳኞች ሴትዮዋን እንደማያውቋቸው፣ እንደገና ማሠልጠን እስከ ንጋት እንደሚፈጅ፣ መብራት ከጠፋ ደግሞ ባዶ ጠረጴዛ ታቅፈው እንደሚቆሙ ነገራት። ሁሉም ልክ ነበር። ጊፍቲ ፈራች፤ ዓመቱን ሙሉ የለፉበት ነው።

በሩ ተንኳኳና ጋሽ ጉተማ ገቡ። ማንም ሳይጋብዛቸው ስክሪኑ ላይ አጎነበሱ።

«ጎበዞች ናችሁ» አሉ። «ትመስላታለች።»

አርባ ዓመት አብረዋቸው የኖሩትን ሚስታቸውን «ትመስላታለች» ሲሉ ጊፍቲ ላፕቶፑን ወደ ራሷ አዞረችው።

«እሳቸው አይደሉም፣ ጋሼ። ፕሮግራማችን ተሳስቷል።»

ገመቺስ ጭንቅላቱን ያዘ። ጊፍቲ ጥቁር ካርቶን በመርፌ በስታ ከኋላው ባትሪ አበራች። ያቺ የብርሃን ነጥብ ፎቶ ውስጥ የምትተወው ምልክት የጋሽ ጉተማን እጅ እንቅስቃሴ ይነግራታል፤ ፕሮግራሙም ከዚያ ይማራል።

«በዚያው ስልክ ይቺን ያንሱልኝ፣ ጋሼ።»

ሽማግሌው ስልኩን አነሱ። እጃቸው ተንቀጠቀጠ። ገመቺስ ሊደግፋቸው ሲጠጋ ጊፍቲ «ተዋቸው፣ እንደ ልማዳቸው ይያዙት» አለችው።

ፎቶው ውስጥ ነጥቧ ተጎትታ ጠማማ መስመር ሆናለች።

«አበላሸሁት፣ አይደል ልጄ?»

«አላበላሹም። እስቲ አንዴ ይድገሙልኝ።»

ገመቺስ መስመሯን ትንሽ አያትና እስከ ንጋት ለሚሠራው ላፕቶፕ ቻርጀር ፍለጋ ተነሳ።