ከቀብር በኋላ አራት መቶ ሀያ ሜትር

ዋልተር ፕሩስኪ ዓርብ ጠዋት ወጥ ቤቱ ወለል ላይ ሞቶ ተገኘ። ረቡዕ ተቀበረ። ሐሙስ ደግሞ ሆስፒታል ሄዶ በስድስት ደቂቃ አራት መቶ ሀያ ሜትር ተራመደ።

የመጨረሻውን የሚለው የሆስፒታሉ መዝገብ ነው።

ሚስቱ አርሊን ይህን ያወቀችው ከስልኩ ነው። የሟቹ ስልክ ጠረጴዛ ላይ ጮኸ። አንስታ አየችው። «ዋልተር፣ ስለ ዛሬው ጉብኝትዎ እናመሰግናለን፤ ውጤትዎ ደርሷል» ይላል። ከፍታ አነበበች። «ታካሚው ደህና ነኝ ብሏል። ትንፋሹ ተሻሽሏል።» ስልኩን አጥፍታ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

ማክሰኞ ያንኑ ስልክ ይዛ የዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል የምርምር ቁጥጥር ቢሮ መጣች። ቢሮው ከመኪና ማቆሚያው ጎን፣ ምድር ቤት ውስጥ ያለች መስኮት አልባ ክፍል ናት፤ ሆስፒታሉ ለቁጥጥር ያለውን ፍቅር ከዚያ ማወቅ ይቻላል። ውስጥ የተቀመጠችው ጌይል ራዲች አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሚልዋኪ ውስጥ የግድያ መርማሪ ነበረች። ጉልበቷ እምቢ ሲላት ጡረታ ወጥታ እዚህ ተቀጠረች። ሬሳ ሰልችቷት ነበር የመጣችው።

«ልጄ፣» አለቻት አርሊን፣ «ባሌ ከሞተ በኋላ መራመድ ከቻለ፣ ቤቱን ያውቀው የለ? ለምን ወደኔ አልመጣም?»

ጌይል መልእክቱን ሁለት ጊዜ አነበበችው።

«መሞቱን ለሆስፒታሉ ነግረዋል?»

«ከቀብሩ በፊት፣ ሰኞ፣ በጥናቱ ካርድ ላይ ወዳለው ቁጥር ደወልኩ። ማሽን አነሳው፤ ለማሽኑ ነገርኩት። ደግሞ ሰምተዋል። ቀብሩ ላይ ‹ከልብ ጥናቱ ቡድን› የሚል የአበባ ጉንጉን መጥቷል።»

«ማን ነው የላከው?»

«ስም የለውም።» አርሊን ቦርሳዋን ጉልበቷ ላይ ጠበቅ አድርጋ ያዘች። «ስሚኝ፤ የመጣሁት ለዋልተር ብዬ አይደለም። እሱ አንዴ ሄዷል። ወንድሜ ጄሪም እዚያው ጥናት ውስጥ አለ። ዋልተር ነው ጎትቶ ያስገባው። የፊታችን ሰኞ ክኒኑን እጥፍ ሊያደርጉለት ነው። ይዋጠው ወይስ አይዋጠው?»

«አሁን አላውቅም።»

«አዎ ወይም አይ በይኛ!»

«እስከ ዓርብ ይስጡኝ።»

አርሊን በንቀት አየቻት። ሆኖም ሰጠቻት።

ጥናቱ ለደከመ ልብ በተሠራ አዲስ ክኒን ላይ ነው። ግማሾቹ ሕመምተኞች ክኒኑን ይውጣሉ፤ ግማሾቹ መልኩ አንድ የሆነ፣ ውስጡ ግን ምንም የሌለበት ባዶ ክኒን ይውጣሉ። ማን የትኛውን እንደሚውጥ ሕመምተኛውም ሐኪሙም አያውቅም። ምስጢሩ በማኅተም ተዘግቶ ሌላ ቦታ ይቀመጣል። ስድስት ሰው ከሞተ ግን ከውጭ የተሾመ ቦርድ ማኅተሙን ከፍቶ ያያል፤ ክኒኑ እየገደለ ከሆነ ጥናቱን ያስቆማል።

ቦርዱ ዓርብ ቀትር ላይ ይሰበሰባል። መዝገቡ ላይ ያሉት ሟቾች አምስት ነበሩ።

ዋልተር ስድስተኛው ነው።

ጌይል የሐሙሱን የእርምጃ ውጤት ወረቀት አስወጣች። ከግርጌው የጥናቱ ነርስ የታሚ ኦልሰን ፊርማ አለ። ታሚን ጠራቻት።

«ይሄ ፊርማ የማነው?»

«የኔ።»

«ባለፈው ሐሙስ የት ነበርሽ?»

«ግሪን ቤይ ከተማ። ልጄ የበረዶ ሆኪ ውድድር ነበራት።»

«ግሪን ቤይ ሆነሽ እዚህ ፈረምሽ?»

ታሚ ፊቷ ቲማቲም መሰለ። ወዲያው ማልቀስ ጀመረች።

«ባዶ ወረቀት ላይ ቀድሜ እፈርማለሁ። አሥር፣ አሥራ አምስት። እኔ ከሌለሁ ሥራው እንዳይቆም ብዬ ነው።»

«ማን ነው ያስተማረሽ?»

«ሁሉም ያደርገዋል እኮ!»

«የት ታስቀምጫቸዋለሽ?»

«መሳቢያ ውስጥ።»

«ይቆለፋል?»

«ይቆለፋል። ቁልፉ እስክሪብቶ ማስቀመጫው ኩባያ ውስጥ ነው።»

ጌይል በዘመኗ ቢላዋ ከነደሙ አይታለች። እንደዚህች የኩባያ ቁልፍ ያቅለሸለሻት ነገር ግን ትዝ አላላትም። ሰዎች ልባቸውን አምነው የሰጡት ምርምር በር ላይ የተቀመጠው ዘበኛ ይህች ቁልፍ ነበረች።

ረቡዕ ጠዋት ወሬው ከሷ ቀድሞ ፎቅ ወጥቷል። አስተዳደሩ ታሚን ከሥራ አገደ። የጥናቱ መሪ ዶክተር ኮንራድ ሄልዊግ ለሠራተኛው ሁሉ ደብዳቤ ጻፈ፤ «እንደ ልጄ የማያት ባልደረባ ልቤን ሰበረችው» ይላል። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይኸው ነው። አስተዳደሩም ፋይሉን እንድትዘጋ ጌይልን ጠየቃት።

አልዘጋችም። ግሪን ቤይ ደውላ ታሚ ሐሙስ ቀኑን ሙሉ በረዶ ሜዳው ዳር ስትጮህ እንደዋለች አረጋግጣለች። ሌላ ሰው ነው የጻፈው። ሐሙስ ዕለት ነርሶቹ ክፍል ገብቶ መሳቢያ ሲከፍት የታየው ደግሞ ወጣቱ ሐኪም ቪክራም ሶዲ ነው። ሶዲ ሥልጠናውን ሊጨርስ ሦስት ወር ቀርቶታል። ሥራ የሚያገኘው ይህ ጥናት ከታተመ ብቻ ነው። ለመዋሸት ከዚህ የበለጠ ምክንያት አያስፈልግም።

ጌይል አራተኛ ፎቅ ኮሪደር ላይ አገኘችው። አንዲት አሮጊት ያራምዳል። ከኋላዋ ባለጎማ ወንበር እየገፋ ይከተላል፤ ከደከማት ወዲያው እንድትቀመጥ ነው። ከጫፍ እስከ ጫፍ በሄደች ቁጥር ወረቀቱ ላይ አንዲት መስመር ያሰምራል።

«በርቱ፣ በርቱ!» አለች ጌይል ለአሮጊቷ።

«እባክሽ እንደዚያ አይባልም፣» አለ ሶዲ። «በየደቂቃው የምንለው ቃል ተጽፎ ተሰጥቶናል። ከዚያ ውጪ ማበረታታት ክልክል ነው። በሰው ጩኸት የተራመደ ሰው ውጤት አይያዝም።»

አሮጊቷ ጨርሳ ሄደች።

«ሐሙስ መሳቢያው ውስጥ ምን ፈለግህ?»

«ባትሪ። ደቂቃ መቁጠሪያው ሰዓት ሞቶብኝ ነበር። እኔን ነው የምትጠረጥሪው?»

«አንተ በኔ ቦታ ብትሆን ምን ታደርግ ነበር?»

«እኔንም እጠረጥር ነበር።»

ጌይል መልሱን ወደደችው። ግን ሰው ስለወደደች መልቀቅ የት ለምዳ! ኮሪደሩን አየች። በሁለት ጫፉ ሕመምተኛው የሚዞርባቸው ብርቱካናማ ኮኖች ቆመዋል። ከአንዱ ወደ ሌላው በታመመ ጉልበቷ እያነከሰች ሄደች፤ ቶሎ ደረሰች። ቆማ አሰበች።

«ከዚህ እዚያ ስንት ነው?»

«ሀያ ሜትር።»

የዋልተርን ወረቀት ከኪሷ አወጣች። መስመሮቹን ጮክ ብላ ቆጠረች። አሥራ አራት።

«አሥራ አራት ጊዜ ሀያ ስንት ነው፣ ዶክተር?»

«ሁለት መቶ ሰማንያ።»

«እዚህ ግን አራት መቶ ሀያ ተጽፏል።»

ሶዲ ወረቀቱን ተቀብሎ አየ።

«ድሮ ኮሪደሩ ሠላሳ ሜትር ነበር። ከስድስት ወር በፊት ለአዲሱ ማሽን ክፍል ሲሠሩ ግድግዳ አቆሙበት። ሜትር ይዘን የለካነው እኔና ታሚ ነን። ኮኖቹንም እኛ ነን ያስጠጋናቸው። ከዚያ ወዲህ በሀያ ነው የምናባዛው።»

«እንግዲህ ይህን የጻፈው ሰው ግድግዳውን አላየም።»

«አላየም።»

«ከስድስት ወር ወዲህ ይህን ኮሪደር ረግጦ የማያውቅ የጥናቱ ሰው ማነው?»

ሶዲ ጫማውን ያይ ጀመር።

«ንገረኝ እንጂ፣ ቪክራም።»

«ዶክተር ሄልዊግ ከስምንተኛ ፎቅ አይወርዱም፣» አለ በመጨረሻ። «ሕመምተኞቹን የሚያውቋቸው በገለጻ ስላይድ ላይ ነው።»

ጌይል የስድስት ወሩን ወረቀት ሁሉ አገላበጠች። በሠላሳ የተባዙ ዘጠኝ ወረቀቶች አገኘች። አንዱ የዋልተር ነው። ስምንቱ ታመው ወይም በረዶ ይዟቸው ከቀጠሮ የቀሩ ሰዎች ወረቀቶች ናቸው፤ ሄልዊግ በእነሱ እግር ተራምዷል። ሁሉም ከቀድሞው ይልቅ ርቀው ሄደዋል። ማታውን ለአበባ ቤቶች ደወለች። ሦስተኛው ቤት የምትፈልገውን ነገራት።

ሐሙስ ስምንተኛ ፎቅ ወጣች። ከሄልዊግ መስኮት ሐይቁ ይታያል። ግድግዳው ሞልቶ የተንጠለጠለው ከሕመምተኞች ጋር ትከሻ ለትከሻ ተቃቅፎ የተነሳው ፎቶ ነው።

«ቁጭ በይ፣ ጌይል። ስለ ታሚ ነው? እንቅልፍ አጥቻለሁ።»

«ዋልተር ፕሩስኪ መሞቱን መቼ ሰሙ?»

«ትናንት። ያንቺ ቢሮ ሲነግረን።»

«እርግጠኛ ነዎት?»

«ሕመምተኞቼ ቤተሰቦቼ ናቸው። ቤተሰብ ሲሞት ቀኑ ይረሳል?»

ጌይል አንድ ወረቀት ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«የአበባ ቤቱ ደረሰኝ ነው። ከቀብሩ በፊት ሰኞ ዕለት፣ በራስዎ የባንክ ካርድ የተከፈለ። ለሟች አበባ ላኩ፤ በሦስተኛው ቀን አስነሥተው አራመዱት።»

ሄልዊግ ፈገግታው አልጠፋም፤ ፊቱ ላይ ደርቆ ቀረ። ደግ ሰው መባል ይወዳል። ያቺን አበባ ሳይልክ መቅረት አልቻለም።

«ወረቀቱ ላይ የፈረመችው ታሚ ናት።»

«ኮሪደሩ ስንት ሜትር ነው፣ ዶክተር?»

«ምን ዓይነት ጥያቄ ነው? ሠላሳ።»

«ወርደው ያዩት መቼ ነው?»

ግድግዳ መኖሩን ስትነግረው ዓይኑን ጨፈነ። ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል ይባላል፤ የሱ ስድስት ወር ቆይቶ በአንድ የጂፕሰም ግድግዳ አለቀ። ሲናገር ድምፁ የተበደለ ሰው ድምፅ ነበር፤ ጌይልን ያንገሸገሻትም እሱ ነው።

«አሥራ ሁለት ዓመት ሠርቼበታለሁ። በማርች በሚደረገው የሐኪሞች ጉባኤ ላይ ለዓለም ላቀርበው ነው። የዕድሜ ልክ ሥራዬን ዋልተር የሚባል አንድ የቢራ ፋብሪካ ጡረተኛ ሊቀብረው ነው? ስድስተኛ ሞት ቢጻፍ ማኅተሙን ይከፍቱታል፣ ያስቆሙታል!»

«ክኒኑ የገደለው መስሎዎት ነው የደበቁት።»

ሄልዊግ ደረሰኙን ገልብጦ አስቀመጠ።

«እየገደለ መስሎዎት፣ ሰኞ ለቀሩት እጥፍ ሊያደርጉባቸው ነበር።»

«መድኃኒት ሁሉ መጀመሪያ ዋጋ ያስከፍላል፣» አለ ሄልዊግ።

ጌይል ተነሳች። ልትሰድበው አሰበች፤ ለሱ የሚመጥን ስድብ አጣች። ወደ ታች ፎቅ ወርዳ እጇን ታጠበች፣ ቀጥላ ደግማ ታጠበች። ከዚያ ማስረጃውን ለቦርዱና ለፌዴራል ዐቃቤ ሕግ ላከች። ታሚ ወደ ሥራዋ አልተመለሰችም፤ ቀድሞ የፈረመ እጅ አይታመንም ተባለ። እሱም እውነት ነው።

ዓርብ ቀትር ላይ ቦርዱ ማኅተሙን ከፈተ። የቦርዱ ሰብሳቢ ራሷ ደወለችላት።

«ጌይል፣ ተቀምጠሻል? ከስድስቱ ሟቾች አምስቱ ባዶውን ክኒን ሲውጡ የነበሩ ናቸው። ፕሩስኪም ከእነሱ አንዱ ነው።»

«ምን ማለት ነው?»

«መድኃኒቱ የሚሠራ ይመስላል ማለት ነው። ያ ደደብ ስድስቱን ሞት በሐቅ ቢጽፍ ኖሮ ዛሬ እናጨበጭብለት ነበር።»

ሄልዊግ የደበቀው ሬሳ ለገዛ ራሱ የሚመሰክርለት ነበር። ጌይል ልትስቅ ሞከረች፤ አልሆነላትም።

«አሁንስ?»

«አሁን ምኑን እንመን? የዘጠኝ ሰው እርምጃ የፈጠረ ሰው ሌላ ምን እንደፈጠረ ማን ያውቃል? ጥናቱ ተሰርዟል። ያልጸደቀ መድኃኒት ሰው እጅ መተው አይቻልም። የክኒን ጠርሙሶቹን ሰብስቢ።»

አመሻሹ ላይ ጌይል የቅዱስ ካሲሚር ደብር አዳራሽ ገባች። እንደ ሌላው ዓርብ ሁሉ አዳራሹ የተጠበሰ ዓሣና ድንች በያዘ ሰው ተሞልቷል። አርሊንና ወንድሟ ጄሪ ጥግ ላይ ተቀምጠዋል። ጄሪ ሰባ አንድ ዓመቱ ነው፤ ሁለተኛ ሳህኑን ጀምሯል።

«ዓርብ ብለሽ ነበር፣» አለች አርሊን። «ተናገሪ።»

«ዋልተር ባዶውን ነበር የሚወስደው።»

አርሊን ሹካዋን አስቀመጠች።

«አሥራ አራት ወር? እኔ እኮ ነበርኩ በየጠዋቱ የማስታውሰው። ‹ዋልት፣ ክኒንህን!› እያልኩ።» አፏን በእጇ ያዘች። «ጄሪስ?»

«እሳቸው እውነተኛውን።»

«አላልኳችሁም!» አለ ጄሪ፤ ጠረጴዛውን መታው። «ደረጃ ሳላርፍ ነው የምወጣው። እህቴ፣ አላልኩሽም? ሰኞ ታዲያ እጥፉን ልዋጥ?»

«አይ፣ ጄሪ። ጥናቱ ተሰርዟል። ጠርሙሱን ልወስድ ነው የመጣሁት።»

ጄሪ መጀመሪያ ቀልድ መሰለው።

«ይሠራል ብለሽ የለ?»

«ይመስላል። ግን ሰውየው ስለዋሸ ማንም ሊያምነው አይችልም። ሌላ ቦታ ሌሎች ሰዎች ከሀ ይጀምሩታል።»

«ስንት ጊዜ ይፈጃል?»

«አምስት ዓመት። ስድስትም ሊሆን ይችላል።»

ጄሪ ዕድሜውን እየደመረ እንደሆነ ፊቱ ያስታውቃል። ቀስ ብሎ እጁን ካፖርቱ ኪስ ከተተና ጠርሙሱን አወጣ። ሕግ አክባሪ ሰው ነው፤ ሊሰጣት ዘረጋ።

አርሊን ቀድማ ነጠቀችው። ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ዘጋችው።

«ጠፋ ብለሽ ጻፊ፣» አለች። ዓይኗ እንባ ሞልቷል፤ ድምፏ ግን አልተሰበረም። «እዚያ ቤት የማይጻፍ ውሸት የለም።»

ጌይል ቅጹን ከቦርሳዋ አወጣች። ዓሣ የምታድለው ሴትዮ መጥታ ሳህን ያስፈልጋት እንደሆን ጠየቀቻት። አያስፈልገኝም አለች።

«ጠፋ ብዬ አልጽፍም፣ ወይዘሮ ፕሩስኪ። ‹አልመልስም ብለዋል› ብዬ ነው የምጽፈው።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ደብዳቤ ይልኩልዎታል። ከዚያ ሌላ ደብዳቤ። አይቸኩሉም።»

ጻፈች፤ ፈረመች፤ ቀኑን አሰፈረች። ሁለቱ ቆመው ሸኟት። ጠርሙሱ ውስጥ የቀረው ክኒን ለሠላሳ ቀን ያህል የሚበቃ ነበር።