የገሰሰ ጠመንጃና የቀጥቃጩ ደጅ

ገሰሰ ደረቱን በጥይት ተመትቶ፣ ምንሽር ጠመንጃውም ከጎኑ ወድቆ ከጎተራው ሥር ሲገኝ፣ የወረታ ሰው ማን ገደለው ብሎ እንኳ አልጠየቀም። ቀጥቃጩ ደጉ ነዋ! ሟቹ በገበያ መሐል «የጠመንጃዬን እንጨት ቤቴ ራሴ አስተካክላለሁ፤ የቀጥቃጭ እጅ አይነካውም» ብሎ አዋርዶት አልነበር? ደጉ በዓይኑ በላውና ጠመንጃው ባረቀበት ተባለ።

አገር ልቀቅ፣ አለዚያ ቤትህን እናቃጥላለን አሉት። ሚስቱ ካሰች ዕቃ ልታስር ብትነሣ ከለከላት።

«የአባቴ መቃብር እዚህ ነው» አላት። «የሚያቃጥሉ ከሆነ እኔ ውስጡ እያለሁ ያቃጥሉት።»

ለምርመራ የመጣው ሃምሳ አለቃ ትሁን ነገር የማያቻኩል ሰው ነበር። ከሟቹ ምንሽር ውስጥ የተተኮሰ ጥይት ባዶ ቀለህ አወጣ፤ ብሎኖቹንም ፈትቶ ብረቱን ከእንጨቱ አላቀቀና ብዙ አየው። የሟቹ ሚስት ድንቅነሽ፣ ባሏ በሞተበት ቀን ዋዜማ ብረቱ እንዳይነቃነቅ ብሎ ሰም አቅልጦ እንጨቱ ውስጥ እንዳፈሰሰ፣ ብረቱን ላዩ ላይ እንዳስተኛው ነገረችው። የሟቹን ወንድም በላቸውንም ጠመንጃህ የት አለ አለው። ለጥገና ደጉ ዘንድ ሰጥቼዋለሁ ሲል መለሰ።

በሣልስቱ ሁሉም ሟቹ ግቢ ተሰበሰበ። ደጉ ሳይጠሩት መጥቶ ከፊት ቆመ።

«ጠመንጃ ሲተኮስ ወደ ኋላ ይገፋል» አለ ትሁን እንጨቱን እያሳየ። «ይህ ሰም አንድ ጥይት እንኳ አይችልም፤ ይሰነጠቃል። እነሆ፣ እንደ ፈሰሰ ነው። ስለዚህ ይህ ጠመንጃ አልባረቀም። የገደለው ሌላ ምንሽር ነው፤ ባዶውን ቀለህ እዚህ ውስጥ የከተተው ገዳዩ ነው። በለቅሶው ሰው ሁሉ ጠመንጃውን ተሸክሞ ሲያለቅስ ባዶ እጁን የመጣው በላቸው ብቻ ነበር። ደጉ፣ ጠመንጃው አንተ ዘንድ ነው?»

«የበላቸው ጠመንጃ ደጄን ረግጦ አያውቅም።»

«የቡዳ ቃል ልትቀበሉ ነው?» አለ በላቸው።

የተማመነው በዚህ ነበር፤ ደጉን ማንም አይጠይቅም፣ ቢጠይቅም አያምነውም ብሎ። ትሁን ግን አብሮት የመጣውን ፖሊስ ሄዶ እንዲፈትሽ ጠቀሰው። ከበላቸው የጭድ ክምር የወጣው ምንሽር ገና ባሩድ ባሩድ ይሸታል። ድንቅነሽ «ለአባታችሁ ርስት ስትል ወንድምህን!» ብላ ደረቷን መታች። በላቸው ቀና ብሎ ሊያያት አልቻለም።

እጁ ታስሮ ሲወሰድ ሽማግሌው ባላምባራስ መንግሥቴ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ደጉ ይቅር እንዲላቸው፣ አገር እንዳይለቅም ለመኑት።

«መሄድማ ድሮም አልሄድም ነበር» አለ ደጉ። «ጠመንጃችሁን ግን ከዛሬ ጀምሮ ቤታችሁ በሰም ለጥፉት።»

ወደ ቤቱ ገብቶ ወናፉን ይነፋ ጀመር።