ስልሳ ፊደል

ሦስት ሳምንት ሙሉ አንድ ነገር መወሰን አቅቷቸው ነበር። ለአንድ መነጽር ቤት የደንበኞች መዝገብ በኮምፒውተር ሊሠሩ ተስማምተው፣ የትኛውን ዳታቤዝ እንጠቀም፣ የሚታየው ገጽስ በምን ይሠራ በሚለው ላይ ልጅቷና ባልደረባዋ ቢሮውን አመሱት። እሷ መረጃው የሚቀመጥበትን ትሠራለች፤ እሱ ሰው የሚያየውንና የሚነካውን። እሷ «አስጊያጩ» ትለዋለች፤ እሱ ደግሞ «ዳኛዋ»።

«በሠንጠረዥ ይቀመጥ። የቀኝ ዐይን ቁጥር፣ የግራ ዐይን ቁጥር፣ ቀን። አለቀ!»

«የካርዶቹን ጀርባስ አይተሻል?»

አይታለች። የመነጽር ቤቱ ባለቤት፣ አንዲት አዛውንት፣ ሠላሳ ዓመት ሙሉ በየደንበኛው ካርድ ጀርባ በእጃቸው ጽፈዋል። «ጋደም ብሎ ነው የሚያነበው፣ ቀላል ፍሬም ይሰጠው።» «እናቷ ከሞቱ ወዲህ ጥቁር ብቻ ነው የምትመርጠው።» ለዚህ ሲል አስጊያጩ ልቅ የሆነ፣ በሠንጠረዥ ያልታጠረ ዳታቤዝ፣ እንዳሻው የሚያስጽፍ ገጽ ይፈልጋል። እሷን ደግሞ ልቅ የሚባል ነገር ያንገሸግሻታል።

«የማስታወሻ ቦታ ሰጥቼሃለሁ እኮ!»

«ስልሳ ፊደል! በስልሳ ፊደል ሰው ምን ይላል?»

«ቁም ነገር ያለው ሰው ይበቃዋል።»

ሰኞ ዕለት አለቃቸው ትዕግሥታቸው አለቀ። «እስከ ሐሙስ ካልተስማማችሁ አንተ ወደ ሌላው ቅርንጫፍ ትሄዳለህ። ጆሮዬን አደነቆራችሁት» አሉ።

«ግልግል!» አለች ልጅቷ በልቧ። ያን ቀን ግን ምሳዋ አልዋጥ አላት፤ ይሄ ደግሞ ይበልጥ አበሸቃት። በአንድ ነዝናዛ ሰው ምክንያት ምሳ መተው ምን የሚሉት ነገር ነው?

ሐሙስ አዛውንቷ የተሠራውን ሊያዩ መጡ። ሌላ የተዘጋጀ ነገር ስላልነበረ የእሱ ገጽ በእሷ ሠንጠረዥ ላይ ተደግፎ ቀረበ። እሱ ለሙከራ ብሎ የፈጠራቸው ደንበኞች ተደርድረዋል።

«እስቲ የመጀመሪያዋን ክፈቺልኝ፣ ልጄ።»

«ቆይ! እሷን አይደለም፣ ላጥፋት ብዬ ረስቼ ነው...» ብሎ ተንደረደረ። ልጅቷ ግን ከፍታዋለች። አዛውንቷ ወደ ስክሪኑ ጠጋ ብለው ማስታወሻውን ጮክ ብለው አነበቡት፦

«ስትናደድ መነጽሯን አውልቃ ትወለውላለች። ሦስት ሳምንት ሙሉ የተከራከርኳት ለዳታቤዙ ብዬ ሳይሆን»



«ሳይሆን ምን? ቀሪው የት ገባ?» አሉና ቀና ሲሉ፣ ልጅቷ መነጽሯን አውልቃ በሹራቧ ጫፍ እየወለወለች ነው። አዩዋት፤ ከዚያ እሱን አዩት። እሱ ወለሉን ያያል።

«ቀሪውስ?» አለችው ልጅቷ።

«አንቺ ቆረጥሽው። ከስልሳ ፊደል በላይ አትቀበይም።»

በዕድሜዋ እንደዚያ ቀን በገዛ ሥራዋ ተናዳ አታውቅም። መነጽሯን አድርጋ ኪቦርዱን ወደ ራሷ ሳበች፤ አንዲት መስመር ለወጠችና ገፋችለት።

«ማስታወሻው ከእንግዲህ ልክ የለውም። ቁጥሮቹ ግን በሠንጠረዥ ነው የሚቀመጡት፣ እንዳትከራከረኝ። ገጹ ያንተው ይሁን። ለአለቃችን ተስማማን በላቸው። አሁን ጨርሰው።»

«እዚሁ? ሰው ፊት?»

«ሦስት ሳምንት አፍህ አላረፈም፤ ዛሬ ነው የምታፍረው?»

ጻፈ። ሁለቴ ተሳስቶ አጠፋና እንደገና ጻፈ። አዛውንቷም ማንም ሳይጠይቃቸው አነበቡት፦

«...ሥራው አልቆ ከአጠገቧ እንዳልነሣ ፈርቼ ነው።»

ልጅቷ መነጽሯን እንደገና አወለቀች።

«አሁን ደግሞ በምን ተናደደች?» አሉ አዛውንቷ ወደ እሱ ዞረው።

«አልተናደድኩም፣ እማማ» አለች። መነጽሩን ግን ቶሎ መልሳ ማድረግ አልቻለችም።