የፈረሰው ቲያትር ቤት ደረጃ

«ሻይ ነው» አላት ጓደኛዋ በጆሮዋ።

«ምኑ?»

«ፕላኑ ነዋ። ወረቀቱን ሻይ ውስጥ ነክሬ ፀሐይ ላይ አሰጣሁት። የድሮ አይመስልም?»

ልጅቷ ወደ ጠረጴዛው ዞረች። ለትምህርት ቤቱ ውድድር ከካርቶን የሠሩት ቲያትር ቤት እላዩ ላይ ቆሟል። ከጎኑ ያ ቢጫ ወረቀት ተለጥፏል፤ ከሥሩ በገዛ እጇ «ከዋናው ፕላን የተወሰደ» ብላ ጽፋበታለች። ክፍሉ በሙሉ «ኢንጂነሩ» የሚለው ይህ ጓደኛዋ «ከአያቴ ሣጥን አገኘሁት» ሲላት አምናው ነበር።

ቲያትር ቤቱ የፈረሰው እነሱ ሳይወለዱ ነው። የውስጡ ፎቶ የለም። የሠራው አርክቴክት ግን ሌሎች ሁለት ሕንፃዎች ትቶ አልፏል፤ ፖስታ ቤቱንና ይህንኑ ትምህርት ቤታቸውን። ሦስት ሳምንት ሙሉ ሜትር ይዘው ሲለኩ ከረሙ። በሁለቱም ደረጃው ከመግቢያው በስተግራ ነው። በሁለቱም ሰባተኛው እርከን ከሌሎቹ ይሰፋል፣ ሰው ቆም ብሎ እንዲተነፍስበት። «ቲያትር ቤቱም እንዲሁ ሳይሆን አይቀርም» ብላ ደብተሯ ላይ ጻፈች። ለኢንጂነሩ ግን «ሳይሆን አይቀርም» አልበቃውም።

«ልኬታችን ይበቃን ነበር እኮ!»

«በግምት ማን አንደኛ ይወጣል? አታካብጂ ባክሽ። ማን ያውቃል?»

የሚያውቀው ሰው በሩ ላይ ነበር። የታሪክ መምህርቷ አንድ ሽማግሌ ደግፋ ይዛ ገባች።

«እንግዳችን ቲያትር ቤቱ እስኪፈርስ ድረስ ሠላሳ ዓመት በረኛ ነበሩ። ፕላኑ ተገኘ ብላቸው ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰዳቸውም።»

የኢንጂነሩ ፊት አመድ መሰለ። «ዝም በይ፣ በናትሽ! አርጅተዋል፣ አያስታውሱም።»

ሽማግሌው መነጽራቸውን አድርገው ካርቶኑ ላይ አጎነበሱ። ቆዩ። ልጅቷ ዓይኗን ከአፋቸው ላይ አልነቀለችም። አሁን ይጮሃሉ፤ አሁን «ውሸታሞች!» ይላሉ።

«ደረጃው በስተግራ ነበር እንዴ?» አሉ ቀስ ብለው። «እኔ በስተቀኝ ይመስለኝ ነበር።» ቢጫውን ወረቀት አዩና ራሳቸውን ነቀነቁ። «ወረቀቱ ካለማ፣ እኔ ነኝ የተሳሳትኩት። እርጅና ነው። ሠላሳ ዓመት የወጣሁበትን ደረጃ!»

ይጮሃሉ ብላ ስትፈራ፣ የባሰው መጣ። ቢጫውን ወረቀት ከነጽሑፏ ላጠችው። መምህርቷ አፈጠጠችባት፤ ኢንጂነሩ ወለሉን አየ። ከዚያ የካርቶኑን ደረጃ ይዛ ሳበችው። ማስቲሹ ቀጭ ብሎ ለቀቀ።

«አልተሳሳቱም፣ አባባ» አለች። «እኛ ነን የገመትነው። የት ጋ እናድርገው?»

ሽማግሌው ደረጃውን መዳፋቸው ላይ አስቀምጠው በጣታቸው እርከኖቹን አንድ በአንድ ቆጠሩ። ሰባተኛው ላይ ጣታቸው ቆመ።

«ይቺን ግን ማን ነገራችሁ?» አሉ። «እዚች ላይ ነበር እኮ የማርፈው።»