የሊቀመንበሩ ሬሳና የጋሻዬ ወገብ

የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ባዘዘው ከወንዙ ዳር ጭንቅላቱ ተፈልጦ ተገኘ። የሰኔ ዝናብ ቁልቁለቱን አላቁጦት ሳለ ጫማው ላይ ጭቃ የሚባል የለም። ሊመረምር የመጣው የፖሊስ መቶ አለቃ ዓለምእሸት ይህን አይቶ ወደ ኮረብታው ቀና አለ። ሰውዬው ከላይ ተገድሎ፣ ወድቆ የሞተ እንዲመስል ተሸክመው አውርደውታል።

ኮረብታው ላይ ካለው የማኅበሩ ጎተራ፣ አመሻሹ ላይ ከባዘዘው ጋር የነበሩት ሦስት ሰዎች ብቻ ናቸው፦ በመቋሚያ የሚሄዱት አዛውንቱ ቄስ ወልደ ጊዮርጊስ፣ ጎተራ ጠባቂው የሻውና ገበሬው ጋሻዬ። ካድሬው ሙሉሃብት ጋሻዬን አሳስሮ ጨርሷል።

«ምን ምርመራ ያስፈልገዋል?» አለ ሙሉሃብት። «ለሚሊሺያ ስንመለምል ሁለቱም ‹ወገቤን› አሉ። በጀርባቸው አስተኝቼ እግራቸውን ቀጥ አድርጌ አነሳሁ። የሻው ጮኸ፤ በሽተኛ ነው። ጋሻዬ ምንም አላለም፤ ውሸታም ነው። ቄሱ አቅም የላቸውም። ታዲያ ማን ተሸከመው? ነገ እርምጃ ይወሰድበታል።»

«እግር በማንሳት ብቻ?»

«ሐኪም ሲያደርግ አይቻለሁ!»

መቶ አለቃው ደሙ ፈላ። አንዴ ያየውን ይዞ ሰው ሊያስረሽን ነው! ወጥቶ የጋሻዬን ሚስት ሸጌን አነጋገራት።

«ሕመሙ እንዴት ያደርገዋል?»

«ቁልቁለት ነው ጠላቱ። ጎንበስ ብሎ ሲያርስ ይውላል፣ ዳገትም ይወጣል። ሰው ይኸን እያየ ነው ውሸታም የሚለው። ቁልቁል ሲሆን ግን ወገቡ ቀና ይልና እግሩ ይደነዝዛል፤ ቁጢጥ ካላለ አይለቀውም። ወንዝ መውረድ ከተወ ሁለት ዓመቱ፤ ከብቱን የማጠጣው እኔ ነኝ።»

ጎረቤቶቿም ይህንኑ መሰከሩ። መቶ አለቃው ቀጥሎ የሻውን ከፍ ካለ ካብ ላይ አስቀመጠው።

«ጫማህን ቁልቁለቱ ላይ ካለው ዱካ ጋር ላስተያየው። እግርህን ዘርጋ።»

የሻው በረባሶውን አጥቦት ኖሮ ፈገግ እያለ እግሩን ቀጥ አድርጎ ዘረጋ። መቶ አለቃው ተረከዙን ይዞ ወደ ላይ አነሳው፤ ሌላኛውንም እንዲሁ። የሻው ስለ ዝናቡ እያወራ ነበር።

ከቀትር በኋላ አገሬው ጎተራው ደጅ ተሰበሰበ፤ ጋሻዬም እንደታሰረ ቀረበ።

«ጓድ ሙሉሃብት፣ እግር ማንሳት አንዱን የወገብ ሕመም ያገኛል፣ ሌላውን ይስታል። የጋሻዬን ስቶታል። ባዶ እጁን ቁልቁለት የማይወርድ ሰው ሬሳ ተሸክሞ ወንዝ አይደርስም» አለ መቶ አለቃው።

«ቁልቁለቱን የሚፈራው ለማታለል ቢሆንስ?»

«ምልመላው ከመታሰቡ ሁለት ዓመት ቀድሞ ማንን ሊያታልል? ደግሞ ፈተናህ ጩኸትን እንጂ ሕመምን አይለይም። ተኝቶ እግሩ ሲነሳ የጮኸው የሻው፣ ተቀምጦ እግሩ ያንኑ ያህል ሲዘረጋ ዝም አለ። ጫማውን የማይ መስሎት ነው። ጫማውን አላየሁም፤ ወገቡን ነው የመረመርኩ። አባ፣ ባዘዘው ለየሻው ምን አለው?»

ቄሱ አንገታቸውን ደፉ። «‹ጆንያ ተሸክመህ ስትሮጥ አየሁህ፤ ነገ ትዘምታለህ› አለው። እኔ ጥያቸው ወጣሁ። ጋሻዬ ቀድሞኝ ሄዶ ነበር። ፈርቼ ነው ዝም ያልኩ።»

«ለሞት ሊሰደኝ ነበር!» ብሎ ጮኸ የሻው። ከዚያ በኋላ የቀረ ነገር የለም፤ ያዙት።

«ጋሻዬን ፍቱት» ሲል አዘዘ መቶ አለቃው። ጠባቂዎቹ ዓይናቸውን ወደ ካድሬው ወረወሩ። ሸጌ ማንንም ሳትጠብቅ ገመዱን ራሷ ፈታችው።

«ሂድ፣ ጋሻዬ። ነፃ ነህ።»

ጋሻዬ ግን መሬቱ ላይ ቁጭ አለ። «ካድሬው በሰው ፊት ውሸታም ብሎኛል፤ ልጆቼ ሰምተዋል። በሰው ፊት ቃሉን ካላነሳ ከዚህ ንቅንቅ አልልም።»

«ጠመንጃ መያዜን ረሳኸው?» አለ ሙሉሃብት።

«አየዋለሁ እኮ። ተኩስ።»

ሸጌ ከባሏ ጎን ተቀመጠች። ቄሱም ቀስ ብለው ተቀመጡ፤ ቀጥሎ ሕዝቡ፣ በመጨረሻም መቶ አለቃው ራሱ። ቆሞ የቀረው ሙሉሃብትና ጠባቂዎቹ ብቻ ነበሩ።

«ታሟል... አልዋሸም» አለ ካድሬው በአፍንጫው።

«አልሰማንም!» አለች ሸጌ።

ሙሉሃብት ጉሮሮውን ጠራረገና ደገመው።