በአየር ላይ የጠበቁ ስምንት ብሎኖች

የራሊትሳ እናት ከመኪናዋ የወረደችው በሦስት ጊዜ ነው። መጀመሪያ በሩን ከፈተች፤ ቀጥላ ሁለት እግሯን አውጥታ ትንሽ ተቀመጠች፤ በመጨረሻ የበሩን ጫፍ ጨብጣ ተነሳች። ራሊትሳ በኩሽናው መስኮት ይህን ሁሉ ካየች በኋላ ፊቷን መልሳ ዳቦ መቁረጥ ቀጠለች።

«እንዴት አደርሽ፣ እማዬ?»

«ደህና።» ስኔዢና የሌሊት ተረኛ ነርስ ሆና ነው ያደረችው። ጫማዋን በር ላይ አውልቃ ወንበሩ ላይ ቀስ ብላ ተቀመጠች። «እርጎ ካለ ስጪኝና ልተኛ። ስምንት ሰዓት ላይ ሰውዬው ይመጣል።»

«የትኛው ሰውዬ?»

«መኪናዋን የሚገዛው። ከሶፊያ።»

ራሊትሳ ቢላዋውን አስቀመጠች። እናቷ ይህን ያለችው ስለ ዳቦ እንደሚያወራ ሰው ነበር፤ ፊቷ ላይ ቁጣም ለቅሶም አልነበረም። ድካም ብቻ።

መኪናዋ ሁለት ወንበር ብቻ ያላት፣ ጣሪያዋ የሚታጠፍ ጥቁር አረንጓዴ የስፖርት መኪና ናት። ስኔዢና በሃያ ስድስት ዓመቷ ገዛቻት። ባል መጣ፣ ሄደ፤ መኪናዋ አለች። በየቀኑ ከጋብሮቮ ተነስታ የሺፕካን ዳገት ወጥታ፣ ጠመዝማዛውን ወርዳ፣ ካዛንላክ ሥራ ትገባባታለች። ጎረቤት «አራት በር ያለው ደህና መኪና ለምን አትገዢም?» ሲላት «እሱን የፋራ መኪና ጡረታ ስወጣ» ትላለች። ችግሩ በጉብዝናዋ ጊዜ ለእሽቅድምድም የሚሆን ድርቅ ያለ ሞላ ማስገባቷ ነው። የሃያ ስድስት ዓመት ወገብ ያንን ይችላል። የአርባ አምስት ዓመት ወገብ አልቻለም።

ስለዚህ ነበር ወንድሟ ቪቾ እኔ እሠራታለሁ ያለው። ቪቾ እዚያው ግቢ ውስጥ አነስተኛ ጋራዥ አለው። «ለስለስ ያለ ሞላ፣ ጥሩ ሾክ አብዞርበር፣ በብረቶቹ መጋጠሚያ ላይ አዲስ የጎማ ቡሽ እናደርግላታለን» አለ። «ኩርባ ላይ እንዳታጋድል የሚይዛትን ዘንግ ደግሞ ወፈር ያለ አስገባለሁ። የመንገዱን ጉድጓድ ሳትሰሚው ታልፊያለሽ፤ ኩርባው ላይ ግን ገና መሪውን ስትነኪው ትዞራለች። ወገብሽም ደስ ይለዋል፣ አንቺም ደስ ይልሻል።»

ያለፈው ቅዳሜ ሥራው አለቀ። ሳምንቱን ሙሉ ግን ስኔዢና ከመኪናዋ የምትወርደው በሦስት ጊዜ ነው።

በሩ ተንኳኳና ቪቾ ራሱ ገባ። እጁን በጨርቅ እየጠረገ እህቱ ፊት ተቀመጠ፤ ራሊትሳ ያቀረበችለትን በአይብ የተጋገረ ባኒትሳ አልነካውም።

«ሰውዬው ይመጣል አሉ» አለ።

«ይመጣል።»

«ጥፋቱ የኔ ነው፣ ስኔዢ። ሞላውን የመረጥኩት እኔ ነኝ። ሠላሳ ዓመት በዚህ ሥራ ቆይቼ የእህቴን መኪና ማለስለስ ያቅተኝ?»

«ተው እንግዲህ፣ ቪቾ። ሞላው ምን ያድርግ።»

ራሊትሳ ጀርባዋን ሰጥታቸው ሻይ ትቀዳለች። ኩባያው ሞልቶ ፈሰሰና በጨርቅ ጠረገችው።

ሞላው ምንም እንዳልሆነ ከእሷ በስተቀር የሚያውቅ አልነበረም። ራሊትሳ የቴክኒክ ትምህርት ቤት ተማሪ ናት፣ የመኪና ጥገና ሁለተኛ ዓመት። ያን ቅዳሜ ከጠዋት ጀምራ ከአጎቷ ጋር ስትሠራ ውላ፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አጎቷ ዕቃ ሊያመጣ ሄደ። የቀረው ሥራ ጎማዎቹን ከሻንሲው ጋር የሚያያይዙትን ክንዶች ብሎን ማጥበቅ ብቻ ነበር። ስምንት ብሎን።

ቪቾ ለዚህ ሥራ አንድ ሕግ አለው። መኪናዋ ወደ ላይ ከሚያነሳት ሊፍት ወርዳ፣ በአራት ጎማዋ መሬት ረግጣ፣ የጋራዡ ወለል ላይ የተቆፈረው አሮጌ የመፈተሻ ጉድጓድ ላይ ትቆማለች። ባለቤቱ ወንበሩ ላይ ይቀመጣል። ሠራተኛው ብሎኑን የሚያጠብቀው ያኔ ነው፣ ጉድጓዱ ውስጥ ገብቶ። «መኪና እንደ ልብስ ነው፤ ባለቤቱ ሳይለብሰው አይለካም» ይላል። ባለቤቱ ከሌለ በክብደቱ ልክ የአሸዋ ጆንያ ይቀመጣል። ጎማዎቹ በአየር ላይ ተንጠልጥለው ብሎኑ ከጠበቀ፣ መኪናዋ መሬት ስትረግጥ የጎማ ቡሹ ተጠምዝዞ ይቀራል። የተጠመዘዘ ቡሽ ሁልጊዜ ይታገላል። መኪናዋ የፈለገውን ያህል ለስላሳ ሞላ ቢገባላት እንደ ሣንቃ ትደርቃለች።

ያን ቀን ጉድጓዱ የዝናብ ውሃ ሞልቶት ነበር። ራሊትሳ ውሃውን አየችው፣ ባልዲውን አየችው፣ ጆንያዎቹን አየች። እጆቿ ዝለዋል፤ ሰኞ ፈተና አለባት። ስምንቱንም ብሎን ሊፍቱ ላይ፣ ቀጥ ብላ ቆማ፣ በሩብ ሰዓት አጠበቀቻቸው።

አጎቷ ሲመለስ «አውርደሽ ነው ያጠበቅሽው?» አላት። ራሷን ግራና ቀኝ ወዘወዘች። እዚህ እኛ ጋብሮቮ ራስ እንዲያ ሲወዘወዝ አዎ ማለት ነው። በአፌ አልዋሸሁም እያለች ሳምንቱን ሙሉ ራሷን ስታጽናና ከረመች፤ አልተጽናናችም።

«የሚያሳዝነኝ» አለ ቪቾ ከኋላዋ፣ «ሌላ ሞላ ሞክር እንኳን አትይኝም።»

«ደከመኝ፣ ወንድሜ። መሞከሩም ደከመኝ።»

ራሊትሳ ኩባያዎቹን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። «አጎቴ፣ ሞላውን ተወው» አለች። «ብሎኖቹን መኪናዋ ሊፍት ላይ እንዳለች ነው ያጠበቅኳቸው።»

ቪቾ ቀና አለ። «ጠይቄሽ ነበር እኮ።»

«ጠይቀኸኛል።»

«ራስሽን ወዘወዝሽልኝ።»

«ወዘወዝኩ። ጉድጓዱ ውሃ ነበረው፤ ደክሞኝ ነበር።»

«የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች» አለ ቪቾ፤ ግን ለመሳደብ እንኳን አቅም ያጣ መሰለ። «ሌላ አንድ ሳምንት ዝም ብትይ ኖሮ ቡሹ ተቀዶ ነበር።»

ራሊትሳ እናቷን አየቻት። ስኔዢና የእርጎውን ማንኪያ እንደያዘች ቀርታለች። ራሊትሳ ትጮህብኛለች ብላ ጠበቀች፤ ብትጮህባት በወደደች።

«እኔ እኮ አረጀሁ ብዬ ነበር» አለች እናቷ። «በየቀኑ ካዛንላክ ስደርስ ቶሎ አልወርድም። እዚያው ቁጭ ብዬ፣ በቃ አለቀልሽ፣ ስኔዢና፣ እላለሁ። ሰው ሳያየኝ አለቅሳለሁ።»

ይቅርታ የሚለው ቃል ለራሊትሳ አነሰባት፤ ቢሆንም አለችው። እናቷ ማንኪያውን አስቀመጠች።

«እኔ አልነካትም» አለ ቪቾ እየተነሳ። «ያጠበቀችው እሷ፣ የምትፈታውም እሷ።»

ዝናቡ ሰሞኑንም አላቆመም ነበርና የጉድጓዱን ውሃ ቀድቶ ለመድፋት ሠላሳ ሁለት ባልዲ ፈጀ። ራሊትሳ መኪናዋን ገፍታ ጉድጓዱ ላይ አቆመቻት፤ ከዚያ ወደ ቤት ተመለሰች። እናቷ ሶፋው ላይ ጋደም ብላለች፤ ዓይኗ ግን ክፍት ነው።

«እማዬ፣ መቀመጥ አለብሽ። መኪናዋ ውስጥ።»

«ጆንያ የለም?»

«አለ። ግን ትክክል የሚሆነው በአንቺ ክብደት ነው።»

ስኔዢና ብርድ ልብሷን ተከናንባ መጣች። መሪው ፊት ተቀመጠች፤ ሞላው ዝቅ ሲል ራሊትሳ ጉድጓዱ ውስጥ ገብታ ከታች አየችው። ስምንቱንም ብሎን ፈታች። የመጀመሪያው ሲላቀቅ ቡሹ ጭንቀቱ እንደለቀቀው ሰው ቷ ብሎ ወደ ቦታው ተመለሰ። ከዚያ አንድ በአንድ ማጥበቅ ጀመረች። ጉድጓዱ ጠባብ ነው፣ መፍቻው ሩብ ዙር እንኳን አይዞርም፣ ጭቃው አንገቷ ውስጥ ይንጠባጠባል።

ስድስተኛው ላይ ስልክ ጮኸ።

«ሰውዬው ነው» አለች እናቷ ከላይ። «ሴቭሊዬቮ ደርሻለሁ፣ ቅርብ ነኝ ይላል። ምን ልበለው?»

አትሽጫት የሚለው ቃል ራሊትሳ ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር። ሳምንቱን ሙሉ ስለ እናቷ ወገብ ሌላ ሰው ሲወስን ቆይቷል፤ ያ ሌላ ሰው ደግሞ እሷ ራሷ ነበረች።

«እስከ ዳገቱ ጫፍ ንጂያት» አለች። «ካመመሽ ሽጫት።»

ስኔዢና ስልኩን ወደ ጆሮዋ መለሰች።

«ጌታዬ» አለች እናቷ በስልኩ፣ «ሴቭሊዬቮ ቡና ይጠጡና ይጠብቁኝ። ገና አልጨረስንም።»

ራሊትሳ መፍቻውን ወደ ሰባተኛው ብሎን አዛወረች።