ከሰበታ እስከ ሰመራ በፔዳል

«ከዛሬ ጀምሮ ቀዝቃዛ ውሃ አልጠጣም።»

ተክሉ ይህን ያስታወቀው ከመቀመጫው ተነሥቶ፣ ኮፍያውን አውልቆ ነው። የብስክሌት ክበቡ አባላት በሙሉ፣ ማለትም ሌሎቹ ሦስቱ፣ በጸጥታ ሰሙት። ኤርምያስ እጁን ጨብጦ «ታሪክ ነው፣ ጀለሴ» አለው። ቢንያም ስልኩን እንደደገነ ከንፈሩን ነክሶ ቆመ።

ሬሐና አልሳቀችም። አዝናለት ግን አይደለም፤ ቪዲዮው እንዳይበላሽ ነው።

ክበቡ በመንፈቅ ዓመቱ ዕረፍት ከሰበታ ተነሥቶ አፋር በረሃ፣ ሰመራ ድረስ በሳይክል ሊጓዝ ነበር። እንዲህ ተብሎ ለትምህርት ቤቱ ተነግሯል፤ አንድ ቀለም ነጋዴም ቲሸርት አሠርቶላቸዋል። ተክሉ ወሬውን እንዳለ አመነ። ኤርምያስ «ሰውነትህን ለሙቀት አለማምደው» ሲለው በቀትር ወፍራም ጃኬት ደርቦ ተፍኪ ደርሶ ተመለሰ። ቢንያም «ፀሐይ ላይ የዋለ ውሃ ነው የሚጠጣው» ሲለው ጠጣ። ማታ ማታ ጨው እንዲልስ የመከረችው ግን ሬሐና ናት። ለምን እንዳለችው ራሷም አታውቅም፤ ሁሉም የየድርሻውን ሲያዋጣ ባዶ እጇን መቅረት አልፈለገችም። ተክሉ ከንፈሩ ተሰነጣጥቆ የመጣ ዕለት የተቀረጸው ቪዲዮ ከሁሉም የበለጠ ላይክ አገኘ።

ከጉዞው በፊት ባለው ቀን ኤርምያስ ቢንያምንና ሬሐናን ብቻ ከሬሐና አባት ሱቅ ጀርባ ሰበሰባቸው።

«ኢሱዙው ፉሪ ላይ ይጠብቀናል። ሳይክሎቹን እንጭናለን፣ ሰመራ መግቢያው ላይ እንወርዳለን፣ ላብ የሚመስል ውሃ ፊታችን ላይ እንረጫለን። ፎቶ፣ ቪዲዮ፣ አለቀ።»

«ተክሉስ?» አለች ሬሐና።

«ተክሉ ወደፊት ይሄዳል።»

«እንዴት ወደፊት?»

«ቀድመህ ንዳ፣ እንደርስብሃለን እንለዋለን። ቃሊቲ ሳይደርስ ደክሞት ይመለሳል።»

«ለምን አብሮን አይጫንም? ቦታ እኮ አለ።»

ቢንያም ሳቀ። «ያንን ፋራ ልትጭኚ? ሰመራ ገብቶ የመጀመሪያ ሥራው ‹በመኪና ነው የመጣነው› ብሎ ማውራት ነው። መዋሸት እኮ አይችልም፣ አቦ!»

ኢሱዙው የሬሐና አባት ወዳጅ የጋሽ ዲኖ ነው። አባቷም ነገሩን ቁርጥ አድርገው ነግረዋታል፦ «የሳይክሉን ነገር እርሺው። ዲኖ አድርሶ ይመልስሻል፤ ካልሆነ ቤትሽ ተቀመጪ።» እሷ ደግሞ በዕድሜዋ ከአዲስ አበባ ወዲያ አልፋ አታውቅም። በረሃ የሚባለውን፣ ዛፍ የሌለበትን አድማስ፣ ማየት ትፈልጋለች። አንድ ቃል ለተክሉ ብትናገር ጉዞው ይቀራል።

በማግስቱ ሽኝቱ አስፋልቱ ዳር ተደረገ። «ከሰበታ እስከ ሰመራ በፔዳል» የሚል ባነር ተሰቀለ። የሰፈሩ ሽማግሌ ኦቦ ዲሪርሳ እርጥብ ሣር ይዘው ፈረሰኞቹን (እሳቸው ያሏቸው እንደዚያ ነው) መረቁ። «ነጋን ዴማ! ነጋን ገላ!» በሰላም ሂዱ፣ በሰላም ግቡ። ሕዝቡ «ሃ ተኡ!»፣ ይሁን፣ እያለ ተቀበለ። የሦስቱ ልጆች ወላጆች ስለ ኢሱዙው ያውቃሉ፤ ያም ሆኖ የኤርምያስ እናት አለቀሱ፣ የቢንያምም እናት አለቀሱ። ያላለቀሱት የተክሉ እናት ወይዘሮ ማሪቱ ብቻ ናቸው። ስለ መኪናው ማንም የነገራቸው ስለሌለ ለልጃቸው የመንገድ ዳቦ ይቋጥሩ ነበር።

ተክሉ ሳይክሉን እየገፋ ወደ ሬሐና ጠጋ አለ።

«እውነት እደርሳለሁ ትያለሽ?»

ቃሉ አፏ ላይ መጣ። ኤርምያስ ከወዲያ አፍጥጦ ያያታል።

«ትደርሳለህ» አለችው።

ተክሉ ፈገግ አለ። ከንፈሩ ላይ ያለው ቁስል ተከፍቶ ትንሽ ደም ታየበት፤ በመዳፉ ጠረገው።

«ተኬ፣ አንተ ቀድመህ ንዳ» አለው ኤርምያስ ትከሻውን መታ መታ እያደረገ። «መሪያችን አንተ ነህ።»

ሕዝቡ አጨበጨበ። ተክሉ አንገቱን ደፍቶ፣ ከኮርቻው ብድግ ብሎ ፔዳሉን ረገጠው። ሦስቱ ፎቶ ሲነሡ ቆይተው ቀስ ብለው ተከተሉት።

ፉሪ ሲደርሱ ኢሱዙው ከመንገዱ ገባ ብሎ ቆሞ ነበር። ጋሽ ዲኖ ሳይክሎቹን አንድ በአንድ ተቀብለው በገመድ ጠፍረው አሰሯቸው። ቢንያም ከኋላ የጭነት ካሶኒው ላይ ወጥቶ የድል ምልክት እያሳየ ራሱን ይቀርጻል።

«አሁን እኮ ምላሱ ወጥቶ…» ብሎ ጀመረና አቋረጠ።

ተክሉ ከኢሱዙው አጠገብ ቆሟል። ከፊት ተመልሶ ነው የመጣው፤ ደረቱ ከፍ ዝቅ ይላል። በእጁ የጎማ መንፊያ ይዟል።

«ስንነሣ የሬሐና የፊት ጎማ ላላ ብሎ አይቼው ነበር» አለ ትንፋሹን እየሰበሰበ። «ስትዘገዩ ፈንድቶባት ነው ብዬ…»

የታሰሩትን ሳይክሎች አየ። ቢንያምን አየ። ኤርምያስን አየ። ኤርምያስ ጫማውን ያያል። ጋሽ ዲኖ «አብሯችሁ የሚሄድ ነው እንዴ?» ብለው ጠየቁ።

ተክሉ ካሶኒው ላይ ወጣ፤ የሬሐናን ሳይክል እንደታሰረ አገኘው፤ ተንበርክኮ መንፊያውን ገጠመና መንፋት ጀመረ። ፍስስ፣ ፍስስ የሚለው ድምፅ ብቻ ይሰማል። ጎማውን በአውራ ጣቱ ጫን አድርጎ ሞከረው። ጨመረለት። የጎማውን ክዳን አጥብቆ ዘጋና ወረደ። በሬሐና አጠገብ ሲያልፍ ቀና ብሎ አላያትም። ሳይክሉ ላይ ወጥቶ ሄደ፤ ወደ ቤቱ ሳይሆን ወደ ቃሊቲ።

«በቃ፣ ውጡ እንሂድ» አለ ኤርምያስ፤ ድምፁ ግን የወትሮው አልነበረም።

ሬሐና ካሶኒው ላይ ወጣች። ሳይክሏ የታሰረበት ቋጠሮ ላይ ጎንበስ ብላ በጥፍሯ ታገለችው፤ አልፈታ ሲላት በጥርሷ ያዘችው።

«ሼም ነው እኮ፣ ለአንድ ፋራ ብለሽ?» አለ ቢንያም። ስልኩን ግን ኪሱ ከትቶታል።

ጋሽ ዲኖ ከታች ሆነው «አንቺ ልጅ፣ ለአባትሽ ምን ልበላቸው?» አሉ።

«እኔው እደውልላቸዋለሁ ጋሽ ዲኖ። እስቲ ከዚያ በኩል ይያዙልኝ።»

ጋሽ ዲኖ ትንሽ አመነቱ። ከዚያ እጃቸውን ዘርግተው የሳይክሉን መሪ ተቀበሏት።